አንድ ቃል ለብዙ ጆሮ፦ የጎንደር ነጋሪትና የመልቲካስት አድራሻ

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ጀምሮ የቤተ መንግሥቱ ቃል ወደ ሕዝብ የሚወጣው በነጋሪት ነበር። ከፋሲል ግቢ በስተደቡብ ያለው አደባባይ ገበያ የቆመበት፣ ሠራዊት የታየበት፣ ወንጀለኛ የተቀጣበት፣ አዋጅም የተነገረበት ስፍራ ነው። ነጋሪት አፉ በበሬ ቆዳ የተወጠረ ትልቅ ከበሮ ነው፤ አካሉ ከእንጨት ይቦረቦራል፣ የታላላቅ ሹማምንቱ ከመዳብ፣ የንጉሡ ከብርም ይሠራ ነበር። ጥንድ ጥንድ ሆኖ በበቅሎ ላይ ግራና ቀኝ ይጫንና እየተጓዘ ይጎሰም ነበር። ነጋሪት ማስጎሰም የሹመት ምልክት ነበር፤ ራስ ወይም ደጃዝማች ሆኖ የተሾመ ሰው መብቱን ከንጉሠ ነገሥቱ ይቀበል ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ግን አርባ አራት ነጋሪት ነበር ይባላል።

ድምፁ ብቻውን የአዋጁን ፍሬ ነገር አይናገርም፤ ሥራው ሰውን ማሰባሰብ ነው። ሰው ሲሰበሰብ አዋጅ ነጋሪው ቃሉን ይናገራል፣ የሰማውም ላልሰማው እንዲያሰማ ያዝዛል። አዋጅ በገበያ ቀን መነገሩ በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከየመንደሩ የወጣው ገበያተኛ ማታ ቃሉን ይዞ ይመለሳል።

አዋጅ ሁሉ ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ጎንደር ከመቆርቆሯ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1624 ዓ.ም.፣ አፄ ሱስንዮስ የአባቶችን ሃይማኖት የመለሱበት አዋጅ ለአገሬው ሰው በሙሉ የተነገረ ነው። የክተት አዋጅ ከዚህ ይለያል። አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት ክተት ሠራዊቱን በየአገሩ ከፍሎ መገናኛውን ለየብቻ ይወስናል፦ የሸዋው ወረኢሉ ላይ፣ የደምቢያ፣ የቋራና የበጌምድሩ አሸንጌ ላይ፣ የስሜኑ መቀሌ ላይ። እዚህ ላይ ማንም በስሙ አልተጠራም። የተጠራው ወገን ነው፤ ከዚያ ወገን የሆነ ሁሉ ጥሪው የእሱ እንደሆነ ያውቃል፣ ሌላውም ሰምቶ ያልፈዋል።

የአዋጁ መንገድም ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቃሉ ከንጉሡ ወደ አገረ ገዢው አንድ ጊዜ ይሄዳል። አገረ ገዢው በራሱ ነጋሪት ያስነግራል፣ በሥሩ ያሉት ሹማምንት ወደየአገራቸው ያደርሱታል፣ ጭቃ ሹሙ ለመንደሩ ይነግራል። መልእክቱ የሚባዛው መንገዱ በሚከፈልበት ቦታ ብቻ ነው። እንደ ሊማሊሞ ያለ ገደል በእግርና በበቅሎ በሚወጣበት ዘመን ለእያንዳንዱ ወታደር የተለየ መልእክተኛ መላክ የማይታሰብ ነበር።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ሕግ በ«ነጋሪት ጋዜጣ» እየታተመ መውጣት ጀመረ፤ የከበሮው ስም በወረቀቱ ላይ ቀረ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ፕላዝማ» የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። አንድ ትምህርት ከአንድ ማሰራጫ በሳተላይት ይለቀቅ ነበር፤ የመቀበያ ሳህን ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ በአንድ ሰዓት ይከታተለው ነበር። ተራራና ሸለቆ ለበዛበት የሰሜን ጎንደር ደጋ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከላይ የሚመጣ ሞገድ በጋራ አይጋረድም። ጉድለቱም ከባድ ነበር። መብራት በሄደበት ክፍል ትምህርቱ አይጠብቅም፣ ተማሪው ባልገባው ቦታ ማስቆምም አይችልም ነበር።

አንድ ቃል ለብዙዎች እንዴት ይድረስ የሚለው ጥያቄ በኮምፒውተር መረብም የራሱ መልስ አለው። ለአንድ ተቀባይ ብቻ መላክ ዩኒካስት፣ በአንድ መረብ ላይ ላለ ሁሉ መላክ ብሮድካስት፣ ለፈለጉት ብቻ መላክ መልቲካስት ይባላል። ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይጎላል፦ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ ለ500 ተማሪዎች በዩኒካስት ቢላክ ከላኪው ማሽን 1000 ሜጋቢት መውጣት አለበት፤ በመልቲካስት ግን 2 ሜጋቢት ይበቃል። የአሠራሩን መሠረት የጣለው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ ሲሆን፣ ደንቡ በ1989 እ.ኤ.አ. አር.ኤፍ.ሲ 1112 በተባለው ሰነድ ወጣ።

የመልቲካስት አድራሻ የማንም ማሽን አይደለም። በኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት (አይፒ) ስሪት 4 ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያሉት ቁጥሮች ለቡድን ተለይተዋል። ላኪው መልእክቱን ወደ ቡድኑ ቁጥር ይልካል፤ እነማን እንደሚቀበሉት ማወቅ አይጠበቅበትም። አባል መሆን የሚፈልገው ማሽን አይ.ጂ.ኤም.ፒ በተባለ የመግባቢያ ደንብ አማካይነት «ይህን ቡድን እፈልጋለሁ» ብሎ በአቅራቢያው ላለው መልእክት አሳላፊ (ራውተር) ያስታውቃል። ራውተሩ ከላኪው ወገን ወዳለው ራውተር ጥያቄውን ያሳልፋል፣ እንዲህ እየተቀጣጠለ ቅርንጫፍ ያለው ዛፍ ይሠራል። ቅጂ የሚወጣው ቅርንጫፍ በተከፈለበት ራውተር ላይ ብቻ ነው። ራውተሩ በየጊዜው፣ በተለመደው ውቅር በየ125 ሴኮንዱ፣ አባል መኖሩን ይጠይቃል፤ መልስ ካጣ ያንን ቅርንጫፍ ይቆርጠዋል።

በኢተርኔት ገመድ ላይ ሲደርስ አንድ ጥበት ያጋጥማል። የቡድን አድራሻ 28 ተለዋዋጭ ቢቶች አሉት፤ ወደ ኔትወርክ ካርዱ አድራሻ የሚተላለፉት ግን የመጨረሻዎቹ 23 ብቻ ናቸው። 5 ቢቶች ስለሚቀሩ 32 የተለያዩ ቡድኖች አንድ የካርድ አድራሻ ይጋራሉ። 224.1.1.1፣ 224.129.1.1 እና 225.1.1.1 በካርዱ ዘንድ አንድ ናቸው። ስለዚህ ማሽኑ ያልጠየቀው መልእክት ሊደርሰው ይችላል፤ ሙሉውን የአይፒ አድራሻ አይቶ የራሱ ያልሆነውን ይጥላል። የቡድን ቁጥር የሚመርጥ ባለሙያ ይህን ሳያሰላ መረቡን ቢዘረጋ ማሽኖቹን በከንቱ ሥራ ያደክማል።

መልቲካስት በአብዛኛው የሚጓዘው የመድረሱን ማረጋገጫ በማይጠይቀው የዩ.ዲ.ፒ ደንብ ነው። መንገድ ላይ የጠፋ ቁራጭ በራሱ ተመልሶ አይላክም፤ መብራት ሄዶበት ፕላዝማው ያመለጠው ክፍል የገጠመው ችግር እዚህም አለ።

በ239 የሚጀምሩት አድራሻዎች ለአንድ ድርጅት የውስጥ አገልግሎት ተለይተዋል። ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ወደ ቴዎድሮስ ግቢ አንድ ትምህርት በቀጥታ ቢተላለፍ የሚመረጠው ቁጥር ከእነዚህ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው ድንበር ላይ ያለው ራውተር ወደ ውጭ እንዳያሳልፈው ይዋቀራል። በሕዝባዊው ኢንተርኔት ላይ ግን አቅራቢዎች መልቲካስትን በአብዛኛው አያሳልፉም፤ ዛፉን በብዙ ድርጅቶች መካከል ማስተዳደርና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን መስማማት አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚታይ ቪዲዮ ዛሬም በአብዛኛው ለየተመልካቹ በየራሱ ቅጂ ይላካል።