ድንጋዩና ጠፍሩ

ላኮታዎችና ሌሎች የሰሜን አሜሪካ ሜዳማ አገር ነባር ሕዝቦች ይሠሩት የነበረው ባለ ድንጋይ ራስ ዱላ ዛሬ በሐራጅ ይሸጣል፤ በሰብሳቢዎች ግድግዳም ላይ ይሰቀላል። ገዢው ዓይኑን የሚጥለው ድንጋዩ ላይ ነው። እኔ ግን ታሪኩ ያለው ጠፍሩ ላይ ነው እላለሁ።

በጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ያልለፋ ቆዳ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ፣ ወገቡ ዙሪያውን ቦይ በወጣለት ድንጋይና በእንጨት እጀታው ላይ ይለበጥና በጅማት ይሰፋል። ሲደርቅ ተኮማትሮ ሁለቱን አንቆ ይይዛል። ምስማር የለ፣ ምን የለ።

ቆዳው ቀድሞ የጎሽ ነበር። አዳኞች መንጋውን ፈጅተው እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ሲቀር፣ ሕዝቡም በተከለለ መሬት ተወስኖ መንግሥት የሚሰፍርለትን የከብት ሥጋ ሲጠብቅ፣ ጠፍሩም የከብት ሆነ። በዚያው ዘመን ለመንገደኛ የሚሸጡ፣ እጀታቸው የቀጠነ ዱላዎች ተበራከቱ። ሰብሳቢዎች «የቱሪስት ዕቃ» ብለው ይንቋቸዋል። አደኑ የተዘጋበት ሰው ግን የሚሸጠው ሌላ ምን ነበረው?

«የጦር ዱላ» እየተባሉ ከሚሸጡት ከባዶቹ መካከልም የሴቶች መዶሻ የነበሩ አሉ፤ ደረቅ ሥጋና የዱር ፍሬ የተወቀጠባቸው፣ አጥንት ለመቅኒ የተሰበረባቸው፣ የድንኳን ካስማ የተመታባቸው። ጓዳውን ጦር ሜዳ ያደረገው ገበያው ነው።

ጠፍሩ ሲላላ የሰብሳቢውን እጅ ይበላዋል። ያረጀ ቆዳ ግን እንደ ትኩሱ አይታዘዝም፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። በአዲስ ቆዳ ከተተካማ የሰፊዋ እጅ፣ የወስፌዋ ቀዳዳ፣ የእንስሳው ዓይነት አብሮ ይጣላል። የሙዚየም ጠጋኞች ስንጥቁን በስስ የጃፓን ወረቀትና በስንዴ ስታርች ደግፈው፣ የክፍሉን እርጥበት ጠብቀው ይተዉታል። ጓንትም ያጠልቃሉ፤ ድሮ ሙዚየሞች ቆዳውን ተባይ እንዳይበላው አርሴኒክ ይነሰንሱበት ነበርና።

ስለ መቅደላ ዕቃዎች ለምንሟገት ለእኛ የቀረው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የቀብርና የተቀደሱ ዕቃዎችን እንዲመልሱ የሚያስገድደው የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞችን ነው፤ የግለሰብን ግድግዳ አይነካም። በኅዳር 2022 ግን በማሳቹሴትስ፣ ባሪ በምትባል ትንሽ ከተማ ያለ ሙዚየም ሕጉ አይመለከተኝም ሲል ቆይቶ 150 ያህል ዕቃዎችን ለላኮታዎች መለሰ። ከእነዚያ አንዳንዶቹ በ1890 በውንድድ ኒ ከተገደሉት ሰዎች ላይ የተገፈፉ እንደሆኑ ይታመናል።