የቆሙት ተመልካቾች
የሊቨርፑል ከተማ የሁለቱ ኳስ ማኅበሮች ታሪክ

ሰው ያለፈውን ዘመን ሲያስታውስ ብዙ ጊዜ ጣፋጩን ያስቀድማል፤ መራራውን ግን ወይ ይተወዋል፥ ወይ በመጨረሻ ይናገረዋል። በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ፥ በዕድሜ የገፉ የእግር ኳስ ወዳጆች ስለ ወጣትነታቸው ሲጨዋወቱ የሚሰማውም እንዲሁ ነው። የዛሬው ተመልካች ቍጥር በተጻፈበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ጨዋታውን ያያል፤ እነርሱ ግን በሰፊ ደረጃ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፥ ቆመው ያዩ ነበር። ደስታቸውም ኀዘናቸውም ከዚያ ደረጃ ጋራ የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ታሪኩ በሁለቱም በኩል ሊነገር ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የከተማይቱ የኳስ ታሪክ የሚጀምረው ከጸሎት ቤት ነው። ኤቨርተን በሚባለው ሰፈር የነበረው የሴንት ዶሚንጎ የሜቶዲስት ጸሎት ቤት ወጣቶች፥ በሙቀት ወራት ክሪኬት የሚባለውን ጨዋታ ይጫወቱ ነበርና፥ በብርድ ወራትም የሚጫወቱት ነገር እንዲኖራቸው በ1878 ዓ.ም. የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። በማግሥቱ ዓመት ከጸሎት ቤቱ ውጭ ያሉ ሰዎችም ለመግባት ስለ ፈለጉ፥ ቡድኑ በሰፈሩ ስም ኤቨርተን ተባለ። በመጀመሪያ የተጫወቱት ስታንሊ ፓርክ በሚባለው የሕዝብ መናፈሻ ነበር፤ በ1884 ዓ.ም. ግን አንፊልድ ወደሚባለው ሜዳ ገቡ፤ በዚያም ሳሉ በ1891 ዓ.ም. የእንግሊዝ ሊግ አሸናፊዎች ሆኑ።

ነገር ግን ክብርና ገንዘብ ሲመጣ ክርክርም አብሮ መጣ። ጆን ሁልዲንግ የሚባል ቢራ ጠማቂ ባለጠጋ የማኅበሩ አለቃ ነበረ፤ ሜዳውንም የሚያከራይ እርሱ ነበር። ስለ ኪራዩ መብዛትና በሜዳው ስለሚሸጠው መጠጥ በእርሱና በአባሎቹ መካከል ጠብ ተነሣ። ተቃዋሚዎቹን የመራው ጆርጅ ማሆን፥ በሴንት ዶሚንጎ ጸሎት ቤት ኦርጋን ይመታ የነበረ ሰው ነው። በ1892 ዓ.ም. አብዛኞቹ አባሎች አንፊልድን ለቀው፥ ከመናፈሻው ማዶ ጉዲሰን ፓርክ የሚባል አዲስ ሜዳ አበጁ። ሁልዲንግም ሜዳ ኖሮት ቡድን የሌለው ሆኖ ስለ ቀረ፥ በዚያው ዓመት ሊቨርፑል የተባለውን ቡድን አቋቋመ። አዲሱ ቡድን መጀመሪያ የለበሰው ሰማያዊና ነጭ ነበር፤ ቀይ መልበስ የጀመረው በ1896 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ቀይና ሰማያዊ ተብለው የሚፎካከሩት ሁለቱ ወገኖች፥ ከአንድ ቤት የወጡ ወንድማማቾች ናቸው፤ ከሜዳ እስከ ሜዳ ያለው መንገድም አንድ ማይል አይሞላም።

የሊቨርፑል ቡድን በ1906 ዓ.ም. ሁለተኛውን የሊግ ድል ካገኘ በኋላ፥ በአንፊልድ ሜዳ በአንዱ ጫፍ እንደ ኮረብታ ከፍ ያለ የመቆሚያ ደረጃ ተሠራ። ስሙንም ስፒዮን ኮፕ አሉት፤ በአጭሩም ኮፕ ይባላል። ይህ በደቡብ አፍሪካ የሚገኝ የኮረብታ ስም ነው፤ በዚያም በጥር ወር በ1900 ዓ.ም. እንግሊዞችና ቦኤሮች ሲዋጉ፥ ከላንካሺር አገር የሄዱ ብዙ ወታደሮች ወድቀው ቀርተዋል። ስሙ እንዲሰጥ ያሳሰበው ኤርነስት ኤድዋርድስ የሚባል የከተማይቱ ጋዜጠኛ ነው። ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ስፍራ በሩቅ ጦርነት ስም መጥራት በሌላም አገር ይገኛል፤ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ከተመልካቹ መቀመጫዎች አንዱ፥ ጦርነት በነበረባት በኮንጎ ክፍለ ሀገር ስም፥ ካታንጋ ይባላል። ኮፕ ግን ስሙን ያገኘው ከሙታን መታሰቢያ ነው፤ ይህም ኋላ ከሆነው ነገር ጋራ ሲያዩት ልብን ይነካል።

በ1928 ዓ.ም. ኮፕ ጣራ ተደረገለት፤ ወደ 28,000 የሚሆን ሕዝብም ይቆምበት ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ብዙ ሰዓት ቀድሞ መምጣት የተለመደ ነበር፤ እያንዳንዱም ሰው ለራሱ የለየው ስፍራ ነበረው፤ አንዱ ከብረት መደገፊያው ኋላ፥ ሌላው ከምሰሶው አጠገብ። የጎረቤቱን ስም ሳያውቅ ሃያ ዓመት አብሮት የቆመ ሰው ጥቂት አልነበረም፤ አንድ ቅዳሜ ከስፍራው የታጣ እንደ ሆነ ግን፥ «ያ ሰው ምን አገኘው?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ልጆች በአንድ ጥግ በተከለለ ስፍራ ለብቻቸው ይቆማሉ፤ አጫጭሮቹም ከሰው ራስ በላይ እየተቀባበሉ ወደ ፊት ይወርዳሉ። በመታፈን የደከመም ሰው እንደዚሁ በእጅ በእጅ ወደ ሜዳው ዳር ይደርሳል። ኳስ ወደ ግቡ በቀረበ ጊዜ ሕዝቡ በሙሉ እንደ ባሕር ማዕበል ወደ ታች ይወርድና ይመለሳል፤ ሰውም እግሩ መሬት ሳይረግጥ ከቆመበት አሥር ደረጃ ርቆ ይገኛል። ከዚያ መካከል ለሽንት መውጣት የማይቻል ስለ ነበረ፥ የፊተኛው ሰው ልብስና ጫማ ብዙ ጊዜ የጎረቤቱን ችግር ይካፈል ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ይህን እየሣቁ ይናገሩታል።

መዝሙሩም የታወቀ ነበር። በ1963 ዓ.ም. የሊቨርፑል ዘፋኞች በሸክላ ያስቀረጹትን አንድ የቴአትር ዜማ ሕዝቡ የራሱ አደረገው፤ በማግሥቱም ዓመት የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የኮፕን ሕዝብ ዝማሬ ለአገር ሁሉ አሳየ። ከእንግዳው ቡድን ግብ ጠባቂው ወደ ኮፕ ጫፍ ሲመጣ፥ ጠላት ሳይሉ በጭብጨባ ይቀበሉት ነበር። ማዶ ባለው በጉዲሰን ፓርክም እንደዚሁ ግዋላዲስ በሚባለው መንገድ በኩል የቆመው ሕዝብ ለሰማያዊዎቹ ይጮኽ ነበር፤ በሜዳውም ማዕዘን የቅዱስ ሉቃስ ቤተ ክርስቲያን ከተመልካቹ መቀመጫ ጋራ ተጠግቶ ይታያል።

ሁለቱ ቡድኖች በሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት በጥቅምት ወር በ1894 ዓ.ም. ሲሆን፥ ኤቨርተን 3 ለ 0 አሸነፈ። በ1948 ዓ.ም. ሁለቱ ሲገናኙ በጉዲሰን 78,299 ሰው ተገኘ፤ በዚያም ሜዳ ከዚህ የበለጠ ሕዝብ ታይቶ አያውቅም። በ1967 ዓ.ም. በዋንጫ ውድድር ሲገናኙ ደግሞ፥ በጉዲሰን 64,851 ሰው ቆሞና ተቀምጦ ሲመለከት፥ በአንፊልድ ሜዳ በተተከሉ ታላላቅ መጋረጃዎች ላይ 40,149 ሰው የዚያኑ ጨዋታ ሥዕል ተመለከተ። በስኮትላንድ በግላስጎ ከተማ የሁለቱ ቡድኖች ፉክክር በፕሮቴስታንትና በካቶሊክ ሲከፈል፥ በሊቨርፑል ግን ክፍፍሉ በአንድ ቤት ውስጥ ይገኝ ነበር፤ አባት ሰማያዊ፥ ልጅ ቀይ፥ ወንድምና ወንድም በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ይከራከራሉ። በ1984 ዓ.ም. ሁለቱ በሎንዶን በዌምብሊ ሜዳ ለዋንጫ ፍጻሜ በተገናኙ ጊዜ፥ ተመልካቾቹ ቀለማቸው እንደ ተቀላቀለ አብረው ቆመው፥ የጋራ አገራቸውን ስም በአንድ ድምፅ ጠሩ።

ይሁን እንጂ የመቆሚያ ደረጃ አደጋው ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበር። በግላስጎ በኢብሮክስ ሜዳ በ1902 ዓ.ም. የእንጨት ደረጃ ተሰብሮ 25 ሰው ሞተ። በቦልተን ከተማ በ1946 ዓ.ም. በሕዝብ ብዛት መደገፊያዎቹ ተሰብረው 33 ሰው ሞተ፤ አስከሬኖቹ በሜዳው ዳር ተሸፍነው ሳሉ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ተጫወቱ። በኢብሮክስም ዳግመኛ በ1971 ዓ.ም. በመውጫው ደረጃ ላይ 66 ሰው ተረግጦ አለቀ። ከየአደጋው በኋላ ምርመራ ይደረጋል፤ ምክርም ይጻፋል፤ ሥራው ግን ከምክሩ ያንሳል። በዚህም ላይ ከ1960ዎቹ ዓመታት ወዲህ በተመልካቾች መካከል ድብድብ ስለ በዛ፥ ሹማምንቱ ከሰው ሕይወት ይልቅ ስለ ሁከት ማሰብን አስቀደሙ፤ ደረጃውንም በብረት አጥር እንደ ከብት በረት ከፋፈሉት።

እውነት ለመናገር፥ የሊቨርፑልም ሰዎች ከዚህ በደል ንጹሓን አልነበሩም። በ1985 ዓ.ም. በብሩክሴል በሄይሰል ሜዳ ከእነርሱ ወገን የሆኑ ሰዎች በኢጣልያ ቡድን ደጋፊዎች ላይ ስለ ሮጡባቸው፥ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሲሸሽ ግንብ ተንዶ 39 ሰው ሞተ፤ 14 እንግሊዞችም በቤልጅግ ፍርድ ቤት ተፈረደባቸው። የእንግሊዝ ቡድኖች ሁሉ ከኤውሮጳ ውድድር ተከለከሉ፤ በዚያ ዓመት የሊግ አሸናፊ የሆነው ኤቨርተንም በጎረቤቱ ጥፋት የድሉን ፍሬ አጣ። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ፉክክር መረረ።

ይህ ቂም ገና ትኩስ ሳለ ታላቁ መከራ መጣ። ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከኖቲንግሃም ፎረስት ጋራ ለመጫወት በሼፊልድ ከተማ በሂልስቦሮ ሜዳ ተገኘ። ጥቂት በሆኑት መግቢያዎች ፊት ሕዝቡ ስለ ተጨናነቀ ፖሊሶች አንዱን የመውጫ በር ከፈቱ፤ ነገር ግን ወደ መካከለኞቹ በረቶች የሚወስደውን መተላለፊያ አልዘጉትም። ሰዉም ፊት ለፊቱ ባገኘው መንገድ ገባ፤ በዚያም ቀድሞ የሞላ ስለ ነበረ፥ ከፊት የነበሩት ከብረቱ አጥር ጋራ ተጣብቀው ታፈኑ። በጎን ያሉት በረቶች ግን ገና ሰፊ ስፍራ ነበራቸው። ጨዋታው በተጀመረ በስድስት ደቂቃ ቆመ። በዚያ አደጋ የሞቱት 97 ናቸው፤ የመጨረሻው በዚያን ቀን ከደረሰበት ጉዳት የተነሣ ያረፈው በ2021 ዓ.ም. ነው። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ወጣቶችና ልጆች ነበሩ።

በዚያው ሰዓት ኤቨርተን በሌላ ሜዳ ተጫውቶ አሸንፎ ነበር፤ ነገር ግን በድሉ የተደሰተ አልነበረም። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሁለቱ ቡድኖች ሰዎች የአንገት ልብሳቸውን፥ ቀዩን ከሰማያዊው ጋራ እየቋጠሩ፥ ከጉዲሰን ጀምረው ስታንሊ ፓርክን አቋርጠው እስከ አንፊልድ አደረሱት። በ1892 ዓ.ም. የተለያዩት ሁለቱ ሜዳዎች በዚያን ቀን በአንድ ገመድ ተያያዙ። ሊቨርፑል ከኀዘኑ በኋላ የመጀመሪያውን የሊግ ጨዋታ የተጫወተውም በጉዲሰን ከኤቨርተን ጋራ ነበር።

ሞቱ ሳያንስ ሐሰትም ተጨመረበት። በሩን ሕዝቡ በግድ እንደ ከፈተው ተነገረ፤ ሰካራሞችና ሌቦች ናቸው ተብሎም በጋዜጣ ታተመ። ዳኛው ሎርድ ቴይለር በዚያው ዓመት ዋናው ምክንያት የፖሊስ አመራር ጉድለት መሆኑን ቢጽፍም፥ ስሙ የጠፋው ሕዝብ ፍርድ አላገኘም። እናቶችና አባቶች ግን አላረፉም። በ2012 ዓ.ም. ገለልተኛ ጉባኤ መዝገቦቹን መርምሮ፥ ፖሊስን የሚነቅፍ ቃል ከ116 የፖሊሶች የምስክርነት ጽሑፍ እንደ ተፋቀ ገለጠ። በዚያው ወር በጉዲሰን ሜዳ ሁለት ሕፃናት፥ አንዱ ቀይ ሌላው ሰማያዊ ለብሰው፥ በጀርባቸው 9 እና 6 ተጽፎባቸው፥ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ፤ የሟቾቹ ቍጥር በዚያን ጊዜ 96 ነበርና። በ2016 ዓ.ም. የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች፥ ሟቾቹ በሌላ ሰው ሕገ ወጥ ጥፋት እንደ ተገደሉ፥ ተመልካቹም በደል እንደ ሌለበት ወሰኑ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእነዚህ ቤተ ሰቦች ግን ንጋቱ 27 ዓመት ዘገየ፤ ሳያዩትም ያረፉ ወላጆች አሉ።

ቴይለር በ1990 ዓ.ም. ባወጣው ሁለተኛ ጽሑፉ፥ መቆም በራሱ አደገኛ ነው አላለም፤ ነገር ግን በታላላቅ ሜዳዎች ሁሉም እንዲቀመጥ መከረ። ስለዚህ ሚያዝያ 30 ቀን 1994 ዓ.ም. ሊቨርፑል ከኖርዊች ጋራ ሲጫወት ኮፕ ለመጨረሻ ጊዜ ቆመ። ሊቨርፑል 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ሕዝቡ ግን ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሳይወጣ ብዙ ጊዜ ዘመረ። በወንበሮቹ ደኅንነት ተገኘ፤ ዋጋው ግን እየናረ ስለ ሄደ፥ ቀድሞ በጥቂት ሳንቲም ይገባ የነበረው ወጣት ሠራተኛ ከሜዳው ራቀ። ከ2022 ዓ.ም. ጀምሮ በታላላቆቹ ሜዳዎች፥ ለአንድ ሰው አንድ ስፍራ ተለይቶ በብረት መደገፊያ ውስጥ መቆም ተፈቅዷል። ኤቨርተንም በ2025 ዓ.ም. 133 ዓመት የኖረበትን ጉዲሰንን ለሴቶች ቡድኑ ትቶ ወደ ወደቡ ዳር ወደ አዲስ ሜዳ ሄዷል፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ከእንግዲህ መናፈሻው ብቻ አይለያቸውም።

ሽማግሌዎቹ ስለ ደረጃው ሲናገሩ የሚናፍቁት ብርዱን ወይም ግፊያውን አይደለም፤ ስሙን የማያውቁት ጎረቤት ሲወድቁ ደግፎ የሚይዛቸው መሆኑን ነው። በሂልስቦሮም ሰው ሰውን አልገደለም፤ የገደሉት አጥሩና የሹማምንቱ ቸልተኝነት ናቸው፤ የቆሙት ተመልካቾች ግን የማስታወቂያ ሳንቃዎችን ነቅለው ቃሬዛ አድርገው የወደቁትን ተሸክመዋል። ደረጃው ቢፈርስም ይህ ሥራቸው ሊረሳ አይገባውም፤ ከደስታቸው ጋራ ይህን የሚጨምር ትዝታ ብቻ ሙሉ ትዝታ ይባላል።