የጀፎረ ሥርዓትና የትእዛዝ መንደር

ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ጉብሬ በሰባት ቤት ጉራጌ ምድር ካሉት ከተሞች አንዷ ናት። በዚህ አገር የገጠሩ መንደር አሠራር ለማንም ተመልካች ግልጽ ነው። በመካከል ሰፊና ሣር የለበሰ አውራ መንገድ ይዘረጋል፤ ስሙም ጀፎረ ይባላል። በግራና በቀኙ ክብ ጎጆዎች ፊታቸውን ወደ ጀፎረው አዙረው ይቆማሉ፤ ከየጎጆው ጀርባም የእንሰቱ ጓሮ ይጀምራል። ጀፎረው የሠርግና የለቅሶ፣ የሸንጎና የጨዋታ፣ የከብት መሰማሪያም ሥፍራ ነው። ድንበሩን ገፍቶ ያጠረ ሰው በአገር ሽማግሌዎች ፊት ይጠየቃል።

ይህን መንደር ከመዲና ተልኮ የቀየሰ መሐንዲስ፣ በአዋጅ ያጸደቀ ሹም አልነበረም። ሆኖም ሥርዓት አለው። አምባገነን መንግሥት ሁሉ ራሱን የሥርዓት አምጪ አድርጎ የሚያቀርብ በመሆኑ፣ የጀፎረ ምሳሌ ለታሪክ ጸሐፊም ሆነ ለባለሙያ ትልቅ ቁም ነገር ይዟል፤ ይኸውም ከነዋሪው ስምምነት የበቀለ ሥርዓትና ከላይ የወረደ ሥርዓት በመልክ ቢመሳሰሉም በባሕርይ እንደሚለያዩ ነው።

ይህ ሲባል የቀድሞው ኑሮ እንከን አልነበረበትም ማለት አይደለም። በእጅ ሥራ የሚተዳደሩ ወገኖች ይናቁ ነበር፤ የሴቶችም ድምፅ በሽማግሌዎች ሸንጎ አይሰማም ነበር። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኖረች የሚባለው የቃቄ ወርድወት ስለ ሴቶች የጋብቻ መብት በየጆካ ሸንጎ ፊት መከራከሯ በቃል ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። በዚሁ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አገሩ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ሲውል ደግሞ የገባርነት ቀንበር ተጨመረበት። በመሆኑም ደርግ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገውን አዋጅ ሲያወጣ፣ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል የሚኖረው ጭሰኛ በደስታ ተቀበለው። ይህ ደስታ እውነተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመረዳትም ከዚህ መነሣት ያስፈልጋል።

አዋጁ እያንዳንዱ የገበሬ ማኅበር በትንሹ በ800 ሔክታር መሬት ላይ እንዲቋቋም ደነገገ። ማኅበሩ በመጀመሪያ መሬት አከፋፋይ ነበር። በ1968 ዓ.ም. በወጣ ሌላ አዋጅ የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ጓድ እንዲኖረው ተደረገ። ቀጥሎም የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠው ዋጋ እህል እንዲያስረክብ ኮታ ተጣለበት። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አገልግሎት አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለው ወጣት ለ30 ወራት እንዲያገለግል ሲታዘዝ፣ ምልምሉን ቆጥሮ የሚያቀርበው ይኸው ማኅበር ሆነ። መሬት የሰጠችው እጅ እህል ሰብሳቢ፣ ዳኛ፣ ዘብና ወታደር መልማይ ሆነች ማለት ነው። በአንድ እጅ ይህ ሁሉ ሲጠቃለል፣ ገበሬው በአንዱ ነገር ቅር ቢሰኝ በሌላው የሚቀጣበት መንገድ ተከፈተ።

የጉራጌ ኑሮ ከጥንት በሁለት ቤት የቆመ ነው፤ አንዱ ቤት በእንሰቱ ጓሮ፣ ሁለተኛው በንግዱ ከተማ። አባወራው አዲስ አበባ ወርዶ ይነግዳል፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለአረፋ ወደ አገሩ ይመለሳል። ይህ ኑሮ በነጻ መንቀሳቀስንና በነጻ መነገድን ይሻል። ደርግ ግን ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ የከተማን መሬትና ትርፍ ቤት ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብም ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ ከለከለ። በተከታዩ ዓመት የግል ነጋዴው ካፒታል ለጅምላ ከ300,000፣ ለችርቻሮ ከ200,000 ብር እንዳያልፍ ተወሰነ። በየመንገዱ ኬላ ቆመ፤ ለመሄድም፣ ለማደርም፣ ዕቃ ይዞ ለመመለስም የማኅበሩ ወይም የቀበሌው ወረቀት ተፈለገ። በሁለት ቤት ለሚኖር ሰው ይህ ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኘውን ድልድይ እንደ መስበር ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን እምቢ ማለት የጠፋበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. በአብዮት አደባባይ በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰብረው ቀይ ሽብርን ካወጁ ወዲህ፣ ቀበሌ ያስራል፣ ይመረምራል፣ ይገድላልም። ሽብሩ ጋብ ካለ በኋላ እንኳ ትዝታው ብቻውን በቂ አስገዳጅ ሆነ። በ1979 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የንግግርንና የመሰብሰብን ነጻነት በጽሑፍ ቢያሰፍርም፣ የሚፈራ ሰው የተጻፈለትን መብት አይጠይቅም።

የመንደር ምሥረታው ዘመቻ የዚህ ሁሉ ማጠቃለያ ነበር። ሥራው በባሌ ተጀምሮ በሐረርጌ ከሰፋ በኋላ፣ ከ1978 ዓ.ም. አንሥቶ አገር አቀፍ ሆነ፤ ጉራጌ ያኔ ይገኝበት የነበረው የሸዋ ክፍለ ሀገርም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ ነበር። እስከ 1981 ዓ.ም. ድረስ ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ተዛወረ ይገመታል። ምክንያቱ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና ንጹሕ ውሃ ማቅረብ ነው ተባለ። በወረቀት ላይ ዕቅዱ ያማረ ነበር፤ ቤቶቹ በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ፣ ለየአባወራው 1,000 ካሬ ሜትር ቦታ ይመተርለታል።

ይህ ዕቅድ በእንሰት አገር ሲነበብ ግን ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። እንሰት ከቤት ርቆ አያድግም፤ ከጎጆው የሚወጣው የከብት ፍግ ነው የሚያፋፋው። ከችግኝነቱ ጀምሮ ከቦታ ቦታ እየተነቀለ ይተከላል፤ ለቆጮ እስኪደርስም በርካታ ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጎጆ የተነቀለበት ሰው የሚያጣው ግድግዳና ጣራ ብቻ ሳይሆን የዓመታት ጥሪቱን ነው። ከሁሉም በላይ ግን የጀፎረ ሕዝብ ቀድሞውንም በመንደር ተሰብስቦ የሚኖር ሕዝብ ነበር። ለእንዲህ ያለው ሕዝብ «መንደር እንመሥርትልህ» ማለት ኑሮውን ሳያዩ መፍረድ ነው። ዕቅዱ የጎደለው የነዋሪው ቃል ነበር፤ ጠያቂ ቢኖርማ ኖሮ መልሱ በአንድ ቀን ሸንጎ ይገኝ ነበር።

ነገሩ የኢትዮጵያ ብቻ አልነበረም። በታንዛንያ በኡጃማ ስም ገበሬው ወደ መንደር እንዲገባ በፈቃድ ተጀምሮ ከ1966 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በግዳጅ ተፈጽሟል። በሶቪየት ኅብረትም በ1925 ዓ.ም. የውስጥ ፓስፖርት ሲታወጅ ለኮልኮዝ ገበሬ አልተሰጠውም፤ የተፈቀደለት በ1966 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። አርባ ዓመት ያህል ገበሬው ያለ ፈቃድ ከቀዬው መራቅ አልቻለም። የሰውን እግር የያዘ መንግሥት እጁንና አንደበቱንም እንደሚይዝ እነዚህ አገሮች ያስተምራሉ።

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት መንግሥቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያን ሲያውጁ፣ በብዙ ቦታ ገበሬው ማንንም ሳይጠብቅ የመስመር መንደሩን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ወደ ቀድሞ ቀዬው ተመለሰ። ሥርዓቱ ራሱ ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ከመውደቁ በፊት መንደሮቹ ወድቀው ነበር። ጀፎረው ግን ያለ ጥበቃ ጓድ ዘመናትን ተሻግሮ ዛሬም በየመንደሩ ይታያል። የሁለቱ ሥርዓቶች ልዩነት በዚህ ተመዘነ።

እንግዲህ ለባለሙያ የሚቀረው ጥያቄ ከባድ ነው። የመስመር መንደሮቹን ካርታ የነደፈው፣ ቦታውን የመተረው፣ የእህሉን ኮታ ያሰላው የተማረ ሰው ነበር። አብዛኛው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ከፊሉ ፈርቶ፣ ከፊሉም ውሃና ትምህርት ቤት ይመጣል ብሎ አምኖ ነው የሠራው። ዛሬ ጉብሬ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ምሕንድስናና እርሻ የሚያጠኑ ወጣቶች በዚያው በጀፎረ አገር ይማራሉ። ነገ የእነርሱም ጠረጴዛ ላይ ያማረ ዕቅድ ይቀርባል። ዕቅዱ ስንት ቤት ይይዛል፣ ስንት ብር ይፈጃል ብለው ከማስላታቸው በፊት አንድ ነገር ሊጠይቁ ይገባል፤ የሚሠራለት ሰው «አልፈልግም» ብሎ በቤቱ በሰላም ማደር ይችላልን? መልሱ አይችልም ከሆነ፣ የመስመሩ ቀጥተኛነት የእጅ ሥራውን ጥራት እንጂ የሥራውን ደግነት አያሳይም።