ከቦሌ መልስ፤ ስለ ሕፃናት ደም መርጋት

አንባቢ ሆይ፤ በምሥራቃዊው አዲስ አበባ በቦሌ ሜዳ ላይ የተሠራው አውሮፕላን ማረፊያ የነጋዴና የተማሪ መሸኛ ብቻ ሆኖ አልኖረም። ልባቸው የታመመ ብዙ የኢትዮጵያ ሕፃናትም በዚሁ በር ወጥተው፣ በባዕድ አገር በቀዶ ሕክምና ታክመው ተመልሰዋል። በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ1989 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በዚህ ሥራ ታላቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በአገራችንም ይሰጣል። ይሁን እንጂ ሐኪሙ ሥራውን ከፈጸመ በኋላ የሚቀር ብዙ ጥበቃ አለ፤ ይኸውም በወላጅ እጅ የሚገኝ ነው።

ደም ከሥር በወጣ ጊዜ መርጋቱ ሕይወትን ያድናል፤ በሥር ውስጥ ሳለ መርጋቱ ግን ሕይወትን ያጠፋል። የልብ በር የሆነው ቫልቭ ተበላሽቶ በሰው ሠራሽ በተተካለት ልጅ ዘንድ፣ ደሙ ባዕዱን ነገር ሲነካ ሊረጋ ይችላል። የረጋውም ደም ወደ አንጎል ቢደርስ ልጁን ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ለዚህ መከላከያ የሆነው ዋርፋሪን የተገኘበት ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በካናዳና በአሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል ከብቶች ቀንዳቸው ሲቆረጥ ደማቸው አልቆም ብሎ ይሞቱ ነበር። ፍራንክ ስኮፊልድ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ምክንያቱ የሻገተ ድርቆሽ መሆኑን ደረሰበት። ኋላም በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ሊንክና ረዳቶቹ ከዚሁ ድርቆሽ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ነገር ለይተው አወጡ። ከዚህ ምርምር የተወለደው ዋርፋሪን እ.ኤ.አ. በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ግን ለሰው መድኃኒትነት ተፈቀደ። መርዙን ከመድኃኒቱ የለየው ልኩ ነው።

የአራስ ሕፃን ነገር ከዚህ ይለያል። በአራስነት የደም መርጋት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ለሕክምና ሲባል በደም ሥር ከሚገባው ቀጭን ቱቦ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ቱቦው ሥራውን ሲጨርስ ሳይዘገይ መውጣቱ አንዱ መከላከያ ነው። ማከም ሲያስፈልግም ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ፈጥኖ የሚሠራውንና ሲቋረጥ ፈጥኖ የሚለቀውን ሄፓሪንን ይጠቀማሉ።

ወደ ዋርፋሪን እንመለስ። ይህ መድኃኒት የሚሠራው ደምን ለማርጋት የሚረዳውን ቫይታሚን ኬ በመግታት ነው፤ ቫይታሚኑም በጎመን ውስጥ በብዛት ይገኛል። እንግዲህ በጾም ወራት ገበታው በድንገት ወደ ጎመን ቢያዘነብል የመድኃኒቱ ኃይል ይደክማል፤ በፋሲካ ጎመኑ በድንገት ሲቀር ደግሞ መድማት ሊከተል ይችላል። ጎመን አይበላ ማለታችን አይደለም፤ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ ማለታችን ነው። ደሙም በቀጠሮው ቀን ይመርመር፤ ክኒኑ ያለ ሐኪም ቃል አይጨመር፣ አይቀነስም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን የበሽታው ሥር ነው። በአገራችን የብዙ ልጆች ቫልቭ የሚበላሸው በጉሮሮ ሕመም ከሚጀምረው የሩማቲክ ትኩሳት የተነሣ ነው። ጉሮሮውን ያመመውን ልጅ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ከመውሰድ ይልቅ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ በጊዜው ፔኒሲሊን እንዲታዘዝለት ማድረግ ይሻላል። ይህን ያደረግን እንደ ሆነ ከቦሌ የምንሸኘው ልጅ ለትምህርት እንጂ ለልብ ቀዶ ሕክምና አይሆንም።