ባለሙያ

«ባለሙያ» የሚባለው ሐኪሙም መሐንዲሱም ነው፤ «ባለሙያ ናት» ሲባል ግን አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ወጥ የሚጣፍጥላትን ሴት ያስባል። ትምህርት ቤቷ ጓዳ ነበር፤ ዶሮን 12 ብልት አድርጋ እስክታወጣ ድረስ ከእናቷ ሥር አትጠፋም።

የዚህ ትምህርት ትልቁ አዳራሽ የቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት ነው። በ1880 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር ቀናት ፈጀ። ወጡን የሠሩት፣ ጠጁን የጣሉት ሴቶች ስም ግን ከእቴጌይቱ ስም ጋር አልደረሰንም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸው ሲከፈት ደግሞ ከፍሎ መብላት ነውር መስሎ ነበርና ምኒልክ መኳንንቱን እየጋበዙ አለማመዷቸው ይባላል።

ሙያው ከጓዳ ወጥቶ የምስክር ወረቀት የሚያሰጥ የሆነው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ የሆቴልና የቱሪዝም ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ነጭ ቆብ ያጠለቀው ምሩቅም «ሼፍ» ተባለ።

ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ፣ ኮኪት አካባቢ፣ በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ለሳሉጉ የምታበስለዋ ሴት ግን ዛሬም «ወጥ ሠሪ» ናት። የሙያ ብቃት ምዘና በልምድ የተማረውንም ይፈትናል፤ ካለፈች ወረቀቱ የእርሷም ነው። ለፈተናው ስትሄድ ግን ምድጃውን ማን ይጠብቅላታል?