ቂሌ (የመስክ ጨዋታ)

ቂሌ፦ በነቀምቴና በሌሎች የወለጋ ከተሞች አካባቢ ጭምር በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የሚታወቅ፣ በአማርኛ ገና ከሚባለው ጋር የሚዛመድ፣ ጫፉ በቆለመመ በትር ሩር የተባለውን ኳስ እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን የሚያደርሱበት ጥንታዊ ጨዋታ ነው። ብላቴናው ተፈጥሮ ያጎበጠችውን ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ ልጦና አድርቆ የራሱን በትር ያበጃል፤ ከብት እየጠበቀም ከእኩዮቹ ጋር ይለማመዳል፤ ክንዱ ሲጠነክር፣ ያለ ውልና ያለ ደመወዝ፣ ከጎልማሶቹ ማኅበር ይደመራል።

እንደ ቂሌ በቆልማማ በትር በሚጫወቱት በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ ግን፣ ብሔራዊው የሆኪ ሊግ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ወጣቶችን በተራ ምርጫ ለክለቦች ያከፋፍላል፤ ተመራጩም፣ ገና ያልበሰለ እንደ ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1936 በተመሠረተው የአሜሪካ ሆኪ ሊግ ሊሠለጥን ይችላል። ቂሌ እንዲህ ያለ መሰላል አላገኘም። ስታዲየም ያላት ነቀምቴ፣ በትምህርት ቤቶቿ የታዳጊዎች የቂሌ ቡድን ብታቋቁም እጅግ ተገቢ ነው።