ስለ ሜችኒኮፍ እሾህና ስለ ተፈጥሯዊው የበሽታ መከላከያ

እሾህ በእግር ውስጥ ገብቶ ሲያድር ዙሪያው ይቀላል፣ ያብጣል፣ መግልም ይቋጥራል። በ19ኛው መቶ ዓመት ከነበሩት ሐኪሞች ብዙዎቹ በመግል ውስጥ የሚታዩት ነጭ የደም ሴሎች ተሐዋስያንን ተሸክመው በሰውነት ውስጥ የሚያዛምቱ ይመስሏቸው ነበር። ይህን አሳብ የገለበጠው ሐኪም ያልሆነ ሰው መሆኑ ያስገርመናል።

በ1882 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሩሲያዊው የእንስሳት ሊቅ ኤልያ ሜችኒኮፍ በሲሲሊያ ደሴት፣ በመሢና ከተማ ተቀምጦ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ቤተ ሰቡ የሠለጠኑ ዝንጀሮዎችን ለማየት ወደ ሰርከስ ሲሄዱ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። እንደ መስተዋት ውስጧ በሚታየው የባሕር ኮከብ እጭ ቆዳ ሥር ከአትክልቱ ቦታ ያመጣውን የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። ሲነጋ ቢመለከት ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውት አገኘ። ነገሩን ታላቅ የሚያደርገው ይህ ነው፦ እጯ የደም ሥር የላትም። እንግዲያውስ የብግነት መነሻው የደም ሥር ነው ይባል የነበረው ትምህርት ሊጸና አልቻለም።

ሆኖም ሁሉ በአንድ ሌሊት ተገለጠ የሚለውን ትረካ እኛ በጥንቃቄ እንቀበለዋለን፤ ሜችኒኮፍ ሴሎች ምግብን ውጠው እንዴት እንደሚፈጩ አስቀድሞ ለዓመታት መርምሯልና። ከእሾሁ ይልቅ የ1884 ጥናቱ ይበልጥ ያሳምነናል። ዳፍንያ የምትባለው ትንሽ የውሃ ፍጥረት መርፌ የመሰሉ የእርሾ ዘሮች ትውጣለች፤ ዘሮቹም አንጀቷን ይበሳሉ። ሴሎቿ ቀድመው ከዋጧቸው ትድናለች፤ ካመለጧቸው እርሾው ተባዝቶ ይገድላታል።

በ1890 ቤሪንግና ኪታሳቶ የመከላከል ኃይል በደም ውሃ ውስጥ እንዳለ በማሳየታቸው ክርክሩ በረታ። የ1908 የኖቤል ሽልማት ለሜችኒኮፍና የደም ውሃውን ወገን ለያዘው ለኤርሊኽ በአንድነት መሰጠቱ ሁለቱም ወገኖች እውነት እንደ ነበራቸው ያመለክታል። ከዚያ በኋላ ግን የብዙዎች ትኩረት ወደ ፀረ አካላት አዘነበለ።

በ1996 የሆፍማን ጓዶች በፈረንሳይ አገር ቶል የተባለው ጂን የተበላሸባት የፍራፍሬ ዝንብ ሻጋታን መቋቋም ተስኗት እንደምትሞት አሳዩ። በ1998 ደግሞ ቦይትለር በአይጥ ላይ የቶል ዘመድ የሆነ ተቀባይ የባክቴሪያን መርዝ እንደሚለይ አገኘ። ሁለቱም በ2011 ከተሸለሙት መካከል ናቸው። ዝንቢቱ ፀረ አካል የሚባል ነገር ጨርሶ የላትም።